የማይገባኝ ሙዝ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ዳና መኪናቸውን አስጎትተው፣ ሙዝ ተሸክመው ጋራዤ መጡ። ሊያመሰግኑኝ!

የበዴሳ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ትናንት ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን በጥሶ እንሰት ውስጥ ገብቶ ቆመ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

«ባለፈው ፍሬኑን አንተ ባትሠራው ኖሮ አልቀን ነበር» አሉኝ።

ከመኪናው ስር ስገባ፣ የተሰነጠቀው እኔው የገጠምኩት የፍሬን ቱቦ ነው። የፍሪጅ መዳብ! ያኔ የብረቱን መፈለግ ሰልችቶኝ ነበር፤ መዳቡ ደግሞ በእጅ ይታጠፋል፣ የፍሬን ግፊት ግን አይችልም።

ዛሬ የብረቱን ከነመጋጠሚያው በጠየቅኩበት ሁለተኛ ሱቅ አገኘሁት። እዚሁ ሶዶ!

ገጥሜ ስጨርስ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም «አሜን» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሊዲያ፣ ይህን ካየሽ ለአባትሽ ለጋሽ ዳና አንብቢላቸው። ሙዙን አልነካሁትም።

እናንተስ፣ ፊት ለፊት መናገር አቅቷችሁ በፌስቡክ ይቅርታ የጠየቃችሁ አላችሁ?