በአንድ ፋሲካ ሁለት ዶሮ

እናቴና አባቴ ሲፋቱ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠባቸውን ብዙም አላስታውሰውም። በደንብ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ሰው እኔን የሚያይበትን ዓይን ነው። የሰፈር እናቶች ፀጉሬን እየዳበሱ «አይ የዚች ልጅ ነገር» ሲሉ በጣም እናደድ ነበር። እኔ የተቸገርኩት ሰው አጥቼ አይደለም። እንዲያውም የሚያበላኝ ሰው በዝቶብኝ ነበር የተቸገርኩት።

እናቴ ሰንጋ ተራ ቀረች፤ እኔም ከእሷ ጋር። አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልደታ ማርያም አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቶ አንዱን መስፊያ፣ አንዱን መኖሪያ አደረገ። ዓመት ሳይሞላው ሌላ ሚስት አገባ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሱ ዘንድ እውላለሁ። መጥቶ ከግቢያችን በር ላይ ይወስደኛል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ሚስቱን «እትዬ» እላታለሁ። መጀመሪያ «እርስዎ» ብያት ነበር፤ «ምነው፣ አሮጊት አደረግሽኝ እኮ» ብላ አስተወችኝ። ሳቂታ ሴት ነበረች። እኔ ግን ቶሎ አላመንኳትም። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እንጀራ እናት የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ ይደርሳል። አንዷ የክፍሌ ልጅ «የእንጀራ እናት ምግብ የበላ ልጅ ፀጉሩ ይረግፋል» ብላኝ፣ ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ማበጠሪያዬን ስመረምር ከረምኩ። ፀጉሬ ግን አንድም አልረገፈም።

እናቴ እሁድ ሳታጠግበኝ አትለቀኝም። «ልጄ ተርባ ሄዳ መሳቂያ ልሆን ነው?» እያለች ሳህኔ ላይ ትጨምርልኛለች። እትዬ ደግሞ ገና ከበር ስገባ ገበታ ታቀርባለች፤ እሷም የምትፈራው «ያባቷ ሚስት አላበላቻትም» መባልን ነው። ተገናኝተው አያውቁም፤ ይሉኝታቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ የሁለቱንም የምሸከመው እኔ ነኝ። እትዬ «በልተሻል?» ትለኛለች። «አልበላሁም» እላለሁ። «በልቻለሁ» ብላት ምግቧን የጠላሁባት ይመስላታል፣ አባቴም ይከፋዋል፣ ከዚያ እሁድ የሚባለው ነገር ይቀራል ብዬ እፈራ ነበር። ስለዚህ እየዋሸሁ ሁለተኛ ምሳዬን እበላለሁ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የፋሲካን ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ ጾምኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር የምጾመው፤ ቢሆንም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሥጋም ቅቤም አልቀመስኩም። በበዓሉ ጠዋት እናቴ ዶሮ ወጡን ከሁለት እንቁላል ጋር አቀረበችልኝ፤ አይብም ጨመረችበት። ጨርሼ ጣቴን ስልስ አባቴ በር ላይ ደረሰ። ልደታ ስንደርስ ደግሞ የእትዬ ዶሮ ወጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «በልተሻል እንዴ?» አለችኝ እንደ ወትሮው። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» አልኳት፤ በዓል ስለሆነ ውሸቱንም አድምቄው ነው። የዶሮ እግርና ሁለት እንቁላል አወጣችልኝ። ሁሉንም በላሁት። አባቴ ደስ ብሎት ሳቀና ታላቅ ወንድሙን እንኳን አደረሰህ ሊል ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሆዴን ቆረጠኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ እግሬ አልቆም አለኝ። «እማዬ ጋ ውሰጂኝ» እያልኩ አለቀስኩ። እትዬ አባቴን ልጠብቅ አላለችም፤ ጎረቤትም አልላከችም። የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች አዘለችኝ። ታክሲ አልነበረም፤ ከልደታ እስከ ሰንጋ ተራ በእግሯ ነው የሄደችው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ነጠላዋ ላይ አስመለስኩ። «አይዞሽ፣ ደረስን» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረችም። ልቧ ሲመታ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ያኔ የደከማት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፈርታ ነው። በበዓል ቀን ካበላቻት በኋላ የባሏ ልጅ ታመመች ሲባል፣ ሰው ስለ እሷ ምን እንደሚያስብ አሳምራ ታውቃለች።

ግቢያችን ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ ደጅ ተቀምጧል። እትዬን ሲያዩ፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እናቴ ሮጣ ከጀርባዋ ተቀበለችኝ።

«እኔ ቤት ከበላች በኋላ ነው የታመመችው» አለች እትዬ።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ምን አብልተሻት ነው?» አለቻት። ቃሉ ተራ ነው፤ አባባሏ ግን ሌላ ነበር። የተቀመጡት ሁሉ እትዬን አዩዋት።

«ዶሮ» አለች እትዬ።

እኔ እናቴ ጉያ ውስጥ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ «ዋሽቻት ነው» ብል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አላልኩም። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ በሴትየዋ ላይ አስፈረድኩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

እናቴ አባቴን ያገባችውን ሴት እዚያ ግቢ መሐል ማዋረድ ብትፈልግ ከዚያ የተሻለ ቀን አታገኝም ነበር። እሷ ግን ወደዚያች ጎረቤታችን ዞረች። «ዶሮማ እኔም ጠዋት አብልቻታለሁ» አለች፤ «ሁለት እንቁላል ከነአይቡ። አባቷ ቤት ተርባ ሄደች እንዳይሉኝ ብዬ ልጄን ልገድላት ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «አንቺስ፣ በልቻለሁ አላልሻትም?»

ፊቴን ደበቅኩ።

«አልጠየቅኋትም» አለች እትዬ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጠይቃኝ ነበር። እዚያ ከነበሩት ሁሉ ይህንን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

እናቴ አስገብታ አስቀመጠቻት፤ ፊቷን የምትታጠብበት ውኃ ሰጠቻት። የተበላሸውን ነጠላ ከትከሻዋ ተቀብላ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፤ ስትሄድ ደግሞ የራሷን አውጥታ አለበሰቻት። በሳምንቱ እኔ የታጠበውን ይዤ ሄድኩ፣ የእናቴን ይዤ ተመለስኩ። ወዳጅ ሆኑ ብዬ ግን አልዋሽም። ልደታ ማርያም ቅጽር ውስጥ ሲገናኙ ሦስት ጊዜ ተሳስመው፣ ስለ እኔ ትምህርት ሁለት ቃል ተነጋግረው ይለያያሉ። እሁድ ጠዋት ግን ከእናቴ ቤት ሻይ በዳቦ ብቻ ቀምሼ መውጣት ጀመርኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ዕለት አባቴ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የግቢያችንን በር አልፎ ገባ። ለዚህ የማመሰግነው እነዚያን ሁለት ሴቶች ነው።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ሰንጋ ተራ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ እናቴም ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሌላ ሰፈር ሄዳለች። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ እሁድ የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ እትዬን ልጠይቃት ሄድኩ። ምግብ አቀረበች። ልጄ ምንም ሳይመስላት «በልቻለሁ» አለቻት። እትዬ «እሺ የኔ ቆንጆ» ብላ ሳህኑን አነሳችው፤ ማንም አልተቀየመም። እኔ ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ለዓመታት አንደበቴ ላይ የነበረውን ነገር አወጣሁት።

«እትዬ፣ ያኔ ፋሲካ ላይ ዋሽቼሽ ነበር። እናቴ ቤት ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እጅሽን ሳስታጥብሽ ጣትሽ ወጥ ወጥ ይሸት ነበር። እሁድ እሁድም እንደዚያው ነበርሽ፤ ለዚያ ነበር ትንሽ ትንሽ የማቀርብልሽ። ያን ቀን ግን ፋሲካ ነው ብዬ አበዛሁት።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን አቀረብሽልኝ?»

«ውሸትሽን ነው ብልሽ በሳምንቱ ትመጪ ነበር?»

ጥቂት አሰብኩና እውነቱን ነገርኳት። አልመጣም ነበር።