እሳት ያየው ማግኔት

በዚያ ጠዋት ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ባለው የብረት ሥራ ቤት የነበርነው አራት ነን። አንደኛው የቤቱ ጌታ፣ አቦይ የምንላቸው ሽማግሌ አንጥረኛ ናቸው። ሁለተኛው ከሸዋ የመጣ ሾፌር፣ ሦስተኛው ከወሎ መጥቶ ጨው የሚነግድ እስላም ጎልማሳ፣ አራተኛው እኔ። ወናፉን የምነፋውም ብረቱን የማቀላውም እኔ ነበርኩ።

ነጋዴው እናቱ ደሴ ላይ እንደታመመችና አልጋ እንደያዘች መልእክት ደርሶታል። በዚያ ሳምንት ወደ ደቡብ የሚሄደው መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጣሊያን ጥሎት የሄደው፣ ሾፌሩ የሚነዳው። ዝናብ ገብቶበት ሞተሩ አልነሣም አለ። ሾፌሩ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ ፈታው። የሽቦውን ጥቅል ፀሐይ ላይ አኖረና እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈውን ማግኔት ለእኔ ሰጠኝ። እሳት አሳየው አለኝ።

በእኛ ሥራ እሳት ማሳየት ማለት ብረቱን እስኪቀላ ፍም ውስጥ መቅበር ነው። ቀበርኩት። ሲቀላ አወጣሁትና ቀስ ብሎ እንዲበርድ ዐመድ ውስጥ ተውኩት። አቦይ አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሾፌሩ በር ላይ ነጋዴውን፣ አንተን ከጫንኩ መኪናዬ ይዝጋል እያለ ያሾፍበታል። ነጋዴውም ጨው የጎደለው ወሬህ ነው ብሎ መለሰለት።

ማግኔቱ ሲገጠም ሞተሩ ዝም አለ። ሾፌሩ ፈታውና ምስማር አስጠጋበት። ምስማሩ ወደቀ። ደግሞ አስጠጋ፤ ወደቀ። ለምን እንዳቀላሁት ጠየቀኝ፣ ያለኝን ነገርኩት። እርጥበቱ እንዲደርቅ ነበር እኮ አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ። ነጋዴው ምስማሩን ከመሬት አንሥቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

«እንግዲህ በእግሬ ነው» አለና ሄደ።

ምስማሩን ወደ ምስማር ማስቀመጫው ቆርቆሮ መለስኩት። ምንም አልተሰማኝም።

በኋላ ከአንድ አሮጌ ሞረድ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። ሁለቱንም አቀላኋቸው፤ አንዱን ውኃ ውስጥ ነከርኩ፣ አንዱን ዐመድ ውስጥ አቆየሁ። ከተሰባበረ መኪና ባገኘሁት ማግኔት፣ ብረት እንዲስቡ፣ እኩል አሸኋቸው። ውኃ የገባው ቁራጭ ምስማር ሲያነሣ ከረመ፤ የዐመዱ በማግስቱ ለቀቀ። ሰበርኳቸው። የመጀመሪያው ስብራት እንደ ዱቄት የላመ፣ የሁለተኛው እንደ ጨው ፍርፋሪ ሻካራ ነበር። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለየው የውስጡ አደራደር ነው። ነጋዴው አንድ ጊዜ ጥሩ ጨው ሲሰበር ፍርፋሪው ሁሉ አራት ማዕዘን እንደሚሆን አሳይቶኝ ነበር። ያኔ በሥርዓት የሚደረደር ጨው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነጋዴው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመለሰ። የደረሰው እናቱ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለቱን ስብራት አሳየሁትና ስለ አደራደሩ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ትንሽ ብሎሃል» አለኝ። «እሳት ትንሽ አሳየው ነው ያለህ።»

እኔ ትንሽ የሚለውን አልሰማሁም። አቦይን ጠየቅኳቸው፤ ጆሯቸውን መዶሻው ከወሰደው ቆይቷል። ሾፌሩን ዳግም አላየሁትም። እሱ ራሱ፣ ወይም በዚያ ጠዋት በበሩ ያለፈ ሰው ይህን ካነበበ፣ ቃሉን እንዳለ ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ ድምፅ የሚውጠውን ወናፍ እየነፋሁ እንደነበር ወይም እንዳልነበርም።