«ልጅቱስ ምን አለች?»

ስለ ሴት ልጅ ሽምግልና በተያዘበት ቤት ሁሉ አክስቴ ሳይጠሩ ይገቡና «ልጅቱስ ምን አለች?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ባሌ ደብድቦኝ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኘው የአባቴ ቤት የሸሸሁ ጊዜ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። ባሌ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ እኔም ልመለስ ተስማሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ «እሺ» ብሎ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ፣ አክስቴ ከሚኖሩበት ከአንበሳሜ ደርሰው ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ።

«እታለም፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው» አላቸው አባቴ፣ ታናሽ ወንድማቸው።

«የተመታው ገላ የማን ነው?» አሉና ከጓዳ ጠርተው መሀል አስቀመጡኝ። «በይ ልጄ፣ ተናገሪ።»

ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አልመለስም» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ወጡ። አባቴም «አዋረደችኝ» ብሎ እህቱን አኮረፈ፤ ቤታቸውን ዳግም አልረገጠም። እሳቸው ግን እኔን ወደ አንበሳሜ ወስደው፣ ገበያ ሽንኩርት እየሸጡ ያቋረጥሁትን ትምህርት አስጨረሱኝ። ዛሬ ባሕር ዳር አስተምራለሁ።

ዘንድሮ ታመው እዚሁ ሐኪም ቤት ተኙ። ጣናን ለሚያሳየው መስኮት ጀርባቸውን ሰጥተው በር በሩን ያዩ ነበር።

«ወንድሜ አልመጣም?» ይሉኛል።

«ይመጣል፣ አክስቴ» እላለሁ።

አልመጣም። የቀብራቸው ዕለት ግን ለቀስተኛው መሀል ቆሞ «እታለም ልክ ነበረች! ልጄን ያተረፈችልኝ እሷ ናት!» እያለ አለቀሰ። አገር ሁሉ ሰማው፤ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙት ቀሩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንበሳሜ ይሄዳል። ከተቆለፈው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ይመለሳል።