እህቴ በሰንጋዎቹ መተላለፊያ
ባለፈው ሳምንት ሉማሜ ላይ አውቶብሳችን ቆሞ ሳለ ከብት የጫነ መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። የእርጥብ እበት ሽታ በመስኮት ገባ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እኔ ግን መስኮቱን ይበልጥ ከፈትኩት። ታላቅ እህቴ ከሥራ ስትመለስ እንዲህ ነበር የምትሸተው።

እህቴ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃ ደብረ ማርቆስ አንድ ቄራ ስትቀጠር እኔ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ። የሰው ዓይን አታይም፤ ድንገት ሲነኳት ትበረግጋለች፤ ጎረቤት ሠርግ ሲደገስ ከድምፅ ማጉያው ሽሽት ጆሮዋን ይዛ ጓዳ ትገባለች። እናታችን ዲማ ድረስ ወስዳ ጠበል አስጠምቃታለች። ኦቲዝም የሚባለውን ቃል የሰማነው ብዙ ቆይተን ነው። ያኔ ሰፈርተኛው «ነካ ያደርጋታል» ነበር የሚላት።

ቄራው ውስጥ ሰንጋዎቹ ወደ ማረጃው በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ አንገባም ብለው ይቆሙ ነበር። ሠራተኞቹ በዱላ ይቀጠቅጧቸዋል፤ ጭራቸውን ይጠመዝዛሉ። ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ በአጥሩ ክፍተት አየኋት። ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች በመተላለፊያው ጭቃ ውስጥ ትድሃለች። ትንሽ ሄዳ ትቆማለች፤ በሬ ሲጠራጠር እንደሚያደርገው አንገቷን ደፍታ ፊት ለፊቷን ታያለች። ሠራተኞቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

«እህትሽ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

አልዋሽህም፣ አፈርኩባት። «አላውቃትም» አልኩ። እህቴ ቀና ብላ ወደ አጥሩ አየች። ከዚያ መዳኋን ቀጠለች።

ማታ ራት ስንበላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አጥሩ ላይ የዝናብ ልብስ ተሰቅሎ ይወዛወዛል» አለች። «የቆመው ውኃ ላይ ፀሐይ ታንጸባርቃለች። እልኸኞች አይደሉም፤ ፈርተው ነው። ማረዱ አይቀርም፤ ፈርተው መሞት ግን የለባቸውም።»

ልብሱን አስነሳች፤ ውኃውን በጠጠር አስደፈነች፤ ሰው እንዳይታያቸው ግራና ቀኙን በጣውላ አስጋረደች። ከዚያ በኋላ ሰንጋዎቹ እየተከታተሉ፣ ኮቴያቸው ብቻ እየተሰማ ገቡ። አንድ ሽማግሌ አራጅ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «ለካ እንዲህም ይገባሉ!» አሉ።

ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጁ መተላለፊያውን እያሳየ «ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ» ሲል እህቴ ከኋላ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ውሸት ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። እንግዶቹ ሳቁ። ወር ሳይሞላ «ከሰው ጋር ተግባብታ መሥራት አትችልም» የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። እናታችን አለቀሰች። እኔ ደብዳቤውን አንብቤ አጠፍኩት፤ አንድም ቃል አልተናገርኩላት።

ኋላ ደቡብ ውስጥ አንድ የከብት እርባታ ቀጠራት። እዚያ ያከብሯታል፤ ከሌላ ወረዳ ሳይቀር የከብት በረት ሊያሠሩ እየመጡ ያማክሯታል። እዚህ ግን ጣውላውን ነቅለው የዘበኛ ቤት ሠሩበት። ዱላውም ተመለሰ። ቤቴ ከቄራው ስለማይርቅ ጩኸቱን በየቀኑ እሰማለሁ።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሰላምታ የላትም።

«መተላለፊያውስ?»

«እንደተውሽው ነው።»

«ዱላ አይነካቸውም?»

«አይነካቸውም።»

«ጥሩ» ትልና ትዘጋዋለች። ያን ሥራ አስኪያጅ በእንግዳ ፊት ውሸታም ያለችው እህቴ፣ እኔን ታምነኛለች።