ማንም ሳይሞት የሄድንበት ደሴት

ቅዳሜ ንጋት፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ

ሰማዩ ገና አልቀላም። እኔና ባለቤቴ ታደለ ከአፓርታማችን በር ላይ ሁለት ሻንጣ ይዘን ቆመናል። እኔ ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ለመንገድ ቆሻሻ አይታይበትም። ታደለ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራባት አስሯል፤ ባርኔጣም ደፍቷል።

“የምንሄደው እኮ ባሕር ዳር ነው” አልኩት።

“መጀመሪያ አውሮፕላን ነው” አለኝ።

ጉዞውን የገዛችልን ልጃችን ሜሮን ናት። እንግልውድ ውስጥ ነርስ ናት። አባቷ ዳውንታውን ዴንቨር ከሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአፓርታማችንን ፓርኪንግ ይቆጣጠራል። ማንም አልቀጠረውም። ወሬውም ሳቁም ጠፍቷል። ሜሮን “አባዬ ወንበሩ ላይ ሥር ከማብቀሉ በፊት” ብላ ወደ አንድ የግሪክ ደሴት ቲኬት ቆረጠችልን። ናክሶስ ትባላለች።

እኔና ታደለ ከተጋባን ወዲህ ብዙ ተጉዘናል። ዳላስ፣ ሲያትል፣ ሚኒሶታ፣ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ። ሁሉም ወይ ሠርግ ነበር ወይ ለቅሶ። ከየከተማው የማስታውሰው የሰው ሳሎን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ምክንያት መሄድ እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ታደለ የተስማማው በአንድ ውል ነው። “እስከ ረቡዕ አያለሁ። ካልተስማማኝ ሜሮን ቲኬት ለውጣ ትመልሰኛለች። ከዚያ ወዲያ የመዝናናት ወሬ ቤታችን ውስጥ አይነሣም።” እሺ አልኩ።

ሊያደርሰን የመጣው ሰሎሞን ነው፤ ቶርንተን የሚኖር፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የታክሲ ሹፌር። ከመኪናው ሲወርድ ፈገግ ብሎ ነበር። ልብሳችንን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ሻንጣዎቹን ቀስ አድርጎ ጫነ፤ ሙዚቃውንም አጠፋ።

“ወዴት ነው ጉዞው፣ አባባ?” አለ መንገድ ከጀመርን በኋላ።

“ግሪክ።”

“እዚያ ዘመድ አለዎት?”

“ማንም የለኝም።”

ሰሎሞን በመስተዋቱ እኔን አየኝ። ኤርፖርት ደርሰን ታደለ ጋሪ ሊያመጣ ሲሄድ ጠጋ አለና በሹክሹክታ “አልነገሯቸውም አይደል፣ እማማ?” አለኝ።

“ምኑን?”

“ገባኝ። ደግ አደረጉ። ማናቸው ያረፉት? ወንድማቸው ናቸው?”

ሰው ሲሞትበት እንዳይደነግጥ ሳይነግሩት፣ ሌላ ምክንያት ፈጥረው መርዶው ወደሚነገርበት ቤት መውሰድ የእኛ ልማድ ነው። እኔም ስንቱን ሰው “የታመመ እንጠይቅ” ብዬ ወስጃለሁ። ሰሎሞን ባሌን እንደዚያ እየወሰድኩት መሰለው።

“ሰሎሞን፣ ለመዝናናት ነው የምንሄደው።”

“ልክ ነው፤ እንደሱ ይበሉ” አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መርከብ ላይ

በኒው ዮርክ በኩል አቴንስ፣ ከአቴንስ ወደ ወደቡ፣ ከወደቡ መርከብ። መርከቡ ሆዱን ከፍቶ የጭነት መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ አንድ ፍየልና እኛን ዋጠ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ታደለ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሠራተኞቹ መኪና ሲደረድሩ ከላይ ሆኖ ያያል። ከዴንቨር ከወጣን ወዲህ ከራሱ አንሥቶ የተናገረው አሁን ነው። “ጥሩ አድርገው ነው የሚያቆሙት” አለ።

አብረውን ያሉት ወጣቶች ቁምጣና ከናቴራ ለብሰዋል። አንዲት ልጅ ታደለን አይታ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት። ሚኒስትር ሳይመስላት አልቀረም።

ደሴቲቱ ላይ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ቤቶቹ እንደ ስኳር አንኳር ነጭ ናቸው። ያከራየችን ሴት ማሪያ ትባላለች፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ታደለ ጫማዋን ሳይቀር አየ። “ሐዘን ላይ ናት” አለኝ።

ሰኞ፣ ናክሶስ

ጠዋት ማሪያ ከግቢዋ ማዶ ካለው ማድቤቷ ቁርስ አመጣች፤ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ። ጾመ ፍልሰታ ነው። ሜሮን ቲኬቱን ስትገዛ ጾሙን አላየችም። “እማዬ፣ ሴል ላይ ነበር፤ በቅናሽ” ነው ያለችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማንቀምስ በምልክት ላስረዳት ሞከርኩ። ሆዴን አሳየኋት፤ ሰዓቴን አሳየኋት፤ ሰማዩን አሳየኋት። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አምጥታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ባሕር ዳር ወረድን። ውሃው ከዳር አረንጓዴ ነው፤ ራቅ ሲል ሰማያዊ ይሆናል። አሸዋው ይፋጃል። አንድ ወጣት ሁለት መኝታ ወንበርና ጃንጥላ አከራየን፤ ዋጋውን ስሰማ ከነቤቱ መስሎኝ ነበር። ዙሪያችን ያለው ሰው እርቃኑን ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ታደለ በሙሉ ልብሱ፣ ከነክራባቱ፣ መኝታ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለዋል። ሁለት ሰዎች ወደ እሱ ሲደርሱ ሬዲዮናቸውን ቀነሱ።

“እንዴት ነው?” አልኩት።

“አሸዋ ነው። አሸዋ ኦሮራም አለ።”

ወዲያው ስልኩን አወጣና ሜሮን ጋ ደወለ። ድምጿ እኔ ጋ ይሰማል።

“ለሐሙስ ቲኬት ፈልጊልኝ።”

“አባዬ፣ ኖ ዌይ! ዛሬ እኮ ገና ሰኞ ነው። ጀስት ሪላክስ አድርግ።”

“አደረግሁ። ጨርሻለሁ።”

ለመዋኛ ብላ ሜሮን የገዛችልኝን ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተመለስኩ። ብቻዬን መግባት አልፈለግሁም። ማክሰኞም እንደዚሁ ዋለ።

ረቡዕ፣ ናክሶስ

ቁርስ አልመጣም። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ ከማሪያ ግቢ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። በመስኮት አየሁ። ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች በተራ ማሪያን እያቀፉ ያለቅሳሉ። አንድ ጢማቸው የረዘመ ቄስ በበሩ ገቡ።

ታደለ ከአልጋው ተነሣ። ለሁለት ቀን እንደ ዕቃ ከቦታ ቦታ ሳዞረው የነበረ ሰው፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ክራባቱን አስሮ በሩ ላይ ቆመ።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ለቅሶ ነው።”

“እኛ ምን አገባን? አናውቃቸውም።”

“ሰው ቤት አርፈን፣ ሰው ሞቶባት፣ አሸዋ ላይ ልንተኛ ነው?”

 ያለ ምክንያት የምሄድበትን አንድ ጉዞ ውቅያኖስ ተሻግሬ ባገኘው፣ እሱም ሳሎን ሊሆን ነው። ነጠላዬን እንደ ሐዘን ደንብ ዘቅዝቄ ለበስኩና ተከተልኩት።

ስንገባ አሮጊቶቹ ዞረው አዩን። ታደለ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ማሪያ እግር ሥር በርከክ አለና በአማርኛ “አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ” ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ታደለ ለማያውቀው ሰው ማልቀስ ያውቅበታል፤ ኦሮራ ውስጥ በዚህ ይከበራል። ማሪያ ባሰባት። አሮጊቶቹም ተከተሉ። ቄሱ ሳይቀሩ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉ። እኔም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ የድርሻዬን አለቀስኩ።

ጋብ ሲል፣ ታደለ አጠገቡ ወደተቀመጠው ቦርጫም ጎልማሳ ዞረ። ሰውዬው ጥሩ እንግሊዝኛ ይናገራል።

“ዕድሜያቸው ስንት ነበር?”

“የማን?”

“የሟቹ።”

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። “ማንም አልሞተም” አለ። “የመጣሁት እኔ ነኝ።”

የማሪያ ልጅ ነው። ብዙ ዘመን አውስትራሊያ ኖሮ ዛሬ ጠዋት ሳይጠበቅ ገባ። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል፤ አሁን ነው ያየሁት። ጥቁር ልብሱስ? ባሎቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ልማዳቸው እንደሆነ ነገረን። ቄሱ የመጡት እንኳን ደረሳችሁ ለማለት ነው።

ከዚያ ልጁ ዞሮ ለግቢው ሰው በቋንቋቸው አስረዳ።  ማሪያ የራስ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ታደለ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አፍሮ የሚያለቅስ መስሎኝ ባርኔጣውን በትንሹ ገለጥ አደረግሁ። እየሳቀ ነው። ድምፅ የለውም፤ እንባው ግን ይወርዳል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን ፊቱን አላየሁም ነበር። ባርኔጣውን መለስኩለት።

መሄድ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። ማዕድ ቀረበ። ልጁ፣ እነሱም የማርያም ጾም ላይ እንደሆኑ ነገረን፤ እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማንበላ ነገርነው። ማሪያ ይህን ስትሰማ እንግዶቿ ሳይበሉ ማንም እንዳይነካ አዘዘች። ቄሱ ቁራሽ ዳቦ አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡ። የደሴቲቱ ሰው እጁን አጣጥፎ ሰዓቱን እያየ ከእኛ ጋር ጾመ።

ዘጠኝ ሲሞላ ለእኛ ክብር ትልቁ ሳሕን ፊታችን ተቀመጠ። ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ፣ ተጠብሶ ተጠቅልሏል።

“የጾም ነው” አለ ልጁ። “ደም የለውም።”

ታደለ ሳሕኑን በጥሞና ተመለከተ። “እግር ግን አለው” አለ። “ከበቂ በላይ።”

ባቄላና ዳቦ በላን።

ሐሙስ፣ ናክሶስ

ሜሮን ጠዋት ደወለች። “አባዬ፣ አገኘሁ! ለዛሬ ማታ ሁለት ቦታ አለ። ቡክ ላድርግ?”

“ምን?”

“ቲኬት! ራስህ ነህ እኮ ያዘዝከኝ።”

“አሁን ሥራ ላይ ነኝ” አለና ዘጋባት። የማሪያን ልጅ መኪና ከጠባቧ ግቢ በእጁ ምልክት ወደ ኋላ እያስወጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ኮቱን አውልቆ አጣጠፈው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ክራባቱንና ባርኔጣውን አልተዋቸውም። እኔ የሜሮንን ልብስ ለበስኩ። ክንዱን ይዤ ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ መጣ። ሞቅ ያለ ነው። አንድ ማዕበል መጥቶ ሁለታችንንም አስቀመጠን፤ ባርኔጣው ብቻውን ሄደ፤ ሕፃናት ዋኝተው መለሱልን።

ደስ አለኝ።

እሑድ ምሽት፣ ኦሮራ

ዴንቨር ኤርፖርት ሰሎሞን ሳንጠራው ቆሞ ይጠብቀናል። ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ታደለን አቅፎ ትከሻው ላይ አለቀሰ።

“ይህ ልጅ ምን ሆኗል?” አለኝ ታደለ በዓይኑ። እኔ ገብቶኛል፤ ግን ደክሞኝ ነበር፤ “አባባ፣ ይበርቱ” ሲለውም አላረምሁትም።

የአፓርታማችን ፓርኪንግ ጢም ብሏል። ታደለ ገና ከመኪና ሳይወርድ “ማነው እዚህ ፓርክ ያደረገው?” ብሎ ተቆጣ። በራችን ክፍት ነው። ሳሎናችን ውስጥ የእድሩ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የጾም ወጥ በየዓይነቱ ነው። ሜሮን ከማድቤት ሮጣ ወጣች።

“እማዬ፣ ማነው የሞተው? ሁሉም ‘ላባትሽ እንዳትነግሪ’ ይለኛል፤ ለእኔ ግን ማንም አይነግረኝም! ንገሪኝ፤ አይ ካን ሃንድል ኢት።”

ፊታችን ከፀሐይ ብዛት ጠቁሯል። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ “ሐዘኑ እንዴት እንዳከሰላቸው አየሽ?” ስትል ሰማሁ።

ታደለ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። ሰዉ ተነሣ። እሱም ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከውስጡ አሸዋ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

“ማንም አልሞተም” አለ። “የመጣነው እኛ ነን።”

 ከኋላ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እስካሁን አልነገሯቸውም እንዴ?” አሉ።

ታደለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“እሰይ፣ አሁን ገባቸው፤ ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው” አለች ሴትዮዋ። ሰሎሞን እየተንሰቀሰቀ ጀርባውን ይደባብሰዋል። እኔም ላጽናናው እንደሚገባኝ ሁሉም ስለሚያየኝ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ባርኔጣው አስጠጋሁ።

“ለሜሮን ንገሪያት” አለኝ ከውስጥ። “ለሚመጣው ዓመት ሴል ትፈልግ። ፍልሰታን ግን አይታ ትግዛ።”