የባለ ሁለት ወንበሯ መኪና ግምት

አውቶቡስ ነጂ ጓደኞቹ «ጠርጥር» የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አልነበረም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን አባባል እሱ የሚያከብረው እንደ ትራፊክ ሕግ ነው። የቤቱን በር ቆልፎ ይገፋዋል፤ ጥቂት ራመድ ይልና ተመልሶ ደግሞ ይገፋዋል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዙትን በሽተኞች «ለእናንተም ይሄንኑ ነው የሰጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑ የኋላ መስታወቱ ላይ ስለኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም ከኋላው ማን እንዳለ ሳያይ መራመድ አልሆነለትም።

ይህ ሰው ሳይጠረጥር የሚወዳት አንዲት ነገር ብትኖር መኪናው ነበረች። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ያገኛት አንድ የጥርስ ሐኪም ጓሮ ውስጥ ጡብ ላይ ተሰቅላ፣ ድመት ወልዳባት ነው። በዝገት የተበላውን ላሜራ ራሱ ቀጥቅጦ ቀየረ፤ ሞተሯን ፈትቶ ገጠመ፤ መለዋወጫ ፍለጋ ያልረገጠው የብረታ ብረት ሰፈር የለም። ሚስቱ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነችና የወንበሮቿን ቆዳ የሰፋችው እሷ ናት። መሪውን ግን ከእሱ በቀር የነካ አልነበረም። «መስፋት ሌላ፣ መንዳት ሌላ» ይላታል፤ እሷም ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተነሳ ነፋስ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ገንጥሎ አመጣና ከመኪናዋ ኮፈን አጠገብ መሬት ላይ ሰካው። ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ቆመው አዩት።

«ዛሬ አጠገቧ ወደቀ፤ ነገ ላይዋ ቢወድቅስ?» አለች ሚስት። «ያንተ ኢንሹራንስ ሰው ብትገጭ ለተገጨው የሚከፍል ነው። ለእሷ ሰባራ ሳንቲም የለውም። ሙሉውን ግባላት።»

ለኢንሹራንስ ኩባንያ መክፈል ለእሱ እንደ ውርርድ ነው፤ እነሱ አይደርስብህም ብለው ይወራረዳሉ፣ አንተ ይደርስብኛል ብለህ። ቢሆንም ዓይኑን ከቆርቆሮው መንቀል ስላልቻለ በማግስቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነበር፤ ትሕትናው ራሱ ጠርጥርን አልጣመውም። ወጣቱ መኪናዋ የተሠራችበትን ዓመት ኮምፒውተሩ ላይ መታና የወጣውን ግምት አሳየው።

«ይሄ የጎማዎቿ ዋጋ ነው» አለ ጠርጥር።

«የጎማዎቿስ አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ሠራተኛው። ትንሽ አሰበና «የጎማዎቿና የፊት መስታወቷ» አለ። «ምን ላድርግ፣ በየዓመቱ ለእርጅና ይቀነሳል። እሷ ደግሞ እኔንም ትበልጠኛለች።»

«ሌላው መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እንደሷ ያለችው ሲያረጅ ይወደዳል። በዚህ ዋጋ ብትሰረቅ እሷን የምትመስል ከየት ትገዛልኛለህ?»

«እውነትዎን ነው። የቆዩ መኪኖችን የሚገምት ገለልተኛ ባለሙያ ያምጡ። ካሳመነን ዋጋውን አስቀድመን ተስማምተን ውሉ ላይ እናሰፍረዋለን። ከዚያ በኋላ አደጋ ቢደርስ ክርክር የለም።»

ጠርጥር መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ሲያመነዥክ ሄደ። የኩባንያው ሰው ኩባንያውን የሚጎዳ ምክር በነፃ የሚሰጠው ምን አስቦ ነው?

ማታ የልጁ ባል ነገሩን ሰማና «አባባ፣ እኔ የማውቃት ገማች አለች፤ በሙያዋ አንደኛ ናት» አለው። ይሄም ሌላ ስንጥር ሆነበት። ይሄ ልጅ መኪናዋን ባየ ቁጥር ወንበሯን የሚዳብስ፣ ባለፈው ደግሞ «አባባ፣ እሷን ለማን ሊያወርሷት ነው?» ያለ ነው። ጠርጥር ሌላ ገማች አፈላልጎ ሲያጣ፣ ከሴትዮዋ ቢሮ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠና በሩን ይጠብቅ ጀመር። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ገማቿ ወጣች፤ አጠገቧ ያ ትሑቱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። በር ላይ ተጨባበጡ፤ ሲለያዩ ደግሞ ሳቁ።

እንዲህም ሆኖ ጠራት፤ ሌባን ከሩቅ ከመፍራት ከቅርብ ማየት ይሻላል ብሎ።

ገማቿ አርባዎቹን የተሻገረች፣ ጉልበቱ ላይ የነተበ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ነበረች። መኪናዋን አይታ «ታምራለች» እንኳ አላለችም። ጠርጥር ነገሩን ማሳደር አልቻለም።

«ከኢንሹራንሱ ልጅ ጋር ስትጨባበጪ አይቼሻለሁ» አላት።

«ሁልጊዜ በዋጋ ስንነታረክ ነው የምንውለው፣ ጋሼ። ሰላምታም ልከልክለው?» አለችና ከኪሷ ትንሽ ማግኔት አወጣች።

ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልላ ላሜራውን ከፊት እስከ ኋላ እየነካካች ዞረች። በሄደችበት ሁሉ ማግኔቱ ልጥፍ ይላል። ከግራ የፊት ጎማ ኋላ ስትደርስ ግን አልይዝ ብሎ ተንሸራተተ። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ተንሸራተተ።

«እዚህ ጋ ብረት አይደለም። ስቱኮ ተሞልቶ ነው የተቀባው» አለች።

«ያንን ላሜራ በገዛ እጄ ነው የቀጠቀጥኩት። አንዲት ማንኪያ ስቱኮ የለበትም።»

ገማቿ ካርቶን አንጥፋ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከስር ገባች። «ሻንሲውም እዚህ ጋ ተጣሞ ተቃንቷል» አለች ከታች። «ብየዳው ከሌላው ሁሉ አዲስ ነው። ሥራው አይከፋም።»

የጠርጥር ደም ፊቱ ላይ ወጣ። ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ ቁልፉ ቤት ነበር። የሰፈሩ መካኒክ ባትሪዋን ቻርጅ ላድርግ ብሎ መጥቶ ነበር። የልጁም ባል በየቀኑ ይመላለስ ነበር። አሁን ሁሉም ገባው፤ መካኒኩ አበላሸ፣ አማቹ ሸፈነ፣ ገማቿ ደግሞ በዚህ አስታካ ዋጋ ልትሰብር ነው የመጣችው። ሹራቡን አንስቶ ወደ በሩ ሲያመራ፣ በመስኮቱ በኩል ሲሰማ የቆየው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ።

ሚስቱ አንገቷ ላይ ሜትር እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«መካኒኩ ጋ።»

«ተቀመጥ። እኔ ነኝ» አለች።

እሱ ሹራቡን እንደያዘ ቆመ።

«ሆስፒታል ተኝተህ ቅያሪ ልብስ ላመጣልህ በእሷ መጣሁ። ደርሼ እስክመለስ ምንም አልሆንኩም። ግቢ ስገባ ነው፣ የበሩን ምሰሶ ያገኘሁት። መንጃ ፈቃዴን ካንተ ጋር ሳልጋባ እንዳወጣሁ ረስተኸዋል። አንድ ላሜራ የሚጠግን ባትላሜራ ጋ ወስጄ አሠራሁት፤ ምሰሶውንም አስለሰንኩት።»

ጠርጥር ምሰሶውን አየ። ከሆስፒታል ሲመለስ አዲሱን ልስን አይቶት ነበር። ጎረቤቱ የሆነው የጭነት መኪና ሹፌር ገጭቶ ደብቆኛል ብሎ ደመደመና፣ ከዚያ ወዲህ ያንን ሰው ጤና ይስጥልኝ ብሎት አያውቅም። ሰውዬው በየማለዳው እጁን እያነሳ ሰላም ሲለው፣ ይሄ ጥፋተኛ ሊለማመጠኝ ነው እያለ ፊቱን ሲያዞርበት ኖሯል።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ብረቱ መጣመሙ አልነበረም ያመመው። ዓለምን በሙሉ ሲጠረጥር፣ አንድ ትራስ የምትጋራውን ሚስቱን አንድም ቀን ሳይጠረጥር መክረሙ ነበር። ያም ተላላ መሆን ይሁን መታደል መለየት አቃተው።

«ስንት ጊዜ ነዳሻት?» አላት በመጨረሻ።

«ያን ቀን ብቻ ነው ብልህ ታምነኛለህ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው ብዙ ጊዜ ነው።»

ገማቿ ከመኪናዋ ስር ሳትወጣ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ከዚያም ወጥታ አቧራዋን አራግፋ፣ መንገድ ላይ ሳልሞክራት ግምት አልጽፍም አለች። ጠርጥር መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ተቀምጦ በማያውቅበት በቀኙ ወንበር ተቀመጠ። ከፊቱ መሪ ሲያጣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋውና ጉልበቱን ያዘ። ሴትዮዋ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዛ እጇን ከመሪው ለቀቅ አደረገች። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል እንደ ክር ቀጥ ብላ ቆመች።

«ባትላሜራው ጎበዝ ነው» አለች ገማቿ። «ብየዳው ግን ይጻፋል። ዛሬ ብሸፍንልዎት፣ አደጋ የደረሰ ቀን የኩባንያው ሰው ያገኘውና ውሉ በሙሉ ይፈርሳል።»

ይሄን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ ፊቷን አየ። የሚያታልል ሰው የሚመቸውን ይነግርሃል እንጂ እንዲህ ያለውን አይነግርህም ብሎ አሰበ።

ግምቱ ሲመጣ እሱ በልቡ ከያዘው አነሰ፤ ኮምፒውተሩ ካለው ግን በብዙ እጥፍ በለጠ። ሚስቱን ይዞ ኢንሹራንስ ቢሮ ሲሄድ ትሑቱ ሠራተኛ ግንባሩን ቋጠረ፣ አለቃው ዘንድ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ጠርጥር የሰውየውን መከፋት ሲያይ ነው የተረጋጋው። እሱንም እነሱንም እኩል ያስከፋ ዋጋ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ተስማሙ።

«ከእርስዎ ሌላ የሚነዳት አለ?» አለ ሠራተኛው፣ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ።

ሚስቱ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረች።

«ባለቤቴ» አለ ጠርጥር።

«አደጋ አድርሰው ያውቃሉ?»

«አንድ ምሰሶ» አለ እሷን ቀድሞ። «የራሳችንን።»

ሠራተኛው የሰማውን እንዳለ ጻፈው። ደረጃውን ሲወርዱ ሚስቱ መዳፏን ዘረጋች። እሱም ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ እጁ ውስጥ ትንሽ አቆየውና ሰጣት። ወደ ቤት ሲሄዱ በየመታጠፊያው እግሩ በሌለ ፍሬን ላይ ይጫን ነበር። እሷም አይታ እንዳላየች አለፈችው። በሩ ጋ ስትደርስ ከምሰሶው ብዙ ርቃ ቀስ ብላ አስገባቻት።

«ሰፊ ነው፤ ሁለት መኪና ያሳልፍ ነበር» አላት።

«ታዲያ ወርደህ በእጅህ እየመራህ አታስገባኝም ነበር?» አለችው፣ ሞተሩን እያጠፋች።