ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ

መሪጌታ ውበቱ ከአምበር ወዲያ ባለች አንዲት ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። ተማሪ ሲሳሳት "ቁጥር አይስትም፤ የሚስተው ቀማሪው ነው!" ብለው ይቆጣሉ።

በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ መንገዱ ስለ ተዘጋ የፋሲካን ቀን የሚነግራቸው ሰው አልመጣም። ብቻቸውን ቀመሩ። የዓለም ዕድሜ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ለዐሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉት ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ደረሰና ምንም አልተረፈም። እንዲህ ያለ ዓመት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ደስ ብሏቸው ባዶውን እንደ ባዶ ያዙት። ደንቡ ግን ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዐሥራ ዘጠኝ እንደ ተረፈ ቆጥረህ አንድ ቀንስ ይላል። እሳቸው ይህን ዘነጉ፤ ጾሙም ፋሲካውም አንድ ሳምንት ቀደመ።

ስሕተቱን ያዩት ለፋሲካቸው ሦስት ቀን ሲቀር፣ ቀመሩን ሲከልሱ ነው። መናገር ይችሉ ነበር። "በተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ሳትሁ ልበል?" ብለው ዋጡት። ሌላው አገር ሆሣዕናን ሲያከብር ያች ደብር በሥጋ ፈሰከች።

ታመው የከረሙት ባልቴት፣ እመት ታየች፣ የዶሮውን መረቅ ቀምሰው የመሪጌታን እጅ ሳሙ። "ለፋሲካ አደረሱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ረቡዕ ዐረፉ።

መሪጌታ ተናዘዙ፣ ንስሐቸውንም ፈጸሙ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ግን የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከባልቴቲቱ መቃብር ዘንድ ይሰግዱ ነበር። ተነሥተው አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ይናገራሉ፦

"እመት ታየች፣ አላደረስሁዎትም።"